ኪቦርዱን ለክራሩ እንቃኘው
(በደሴ ለወጣት ሙዚቀኞችና ለሙዚቃ ወዳጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)

እንደምን አመሻችሁ? አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድምና እህቶቼ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መሣሪያችሁን ይዛችሁ የመጣችሁትን ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ። ክራር አያለሁ። ማሲንቆ አያለሁ። ከኋላ ኪቦርድ ተሸክሞ የገባም አለ። ደግ አደረጋችሁ፤ ዛሬ ሁሉም ይፈለጋል።

የመጣሁት አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ክራርና ማሲንቆ ከኪቦርድ ጋር ሲጫወቱ፣ ሁልጊዜ ወደ ኪቦርዱ የሚሄዱት ክራሩና ማሲንቆው ናቸው። ልጆቻችን የስልክ መቃኛ ይከፍቱና አረንጓዴው እስኪበራ ክራሩን ያጠብቁታል። አረንጓዴው በራ፣ ተቃኘ ማለት ነው፤ አለቀ። እኔ አላለቀም እላለሁ። ኪቦርዱም ወደ ክራሩ መምጣት ይችላል። እንዴት እንደሚመጣ አሳያችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለምን የሚለውን ማየት አለብን። ምክንያቱን ያልያዘ ሰው ቁልፉን ቢያገኘውም አይነካውም።

ይህን ነገር ለመናገር ከወሎ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ ሰሜን ስትወጡ አምባሰልን ታገኛላችሁ። በኮምቦልቻ ወርዳችሁ የአፋርን መንገድ ስትይዙ ባቲ ትደርሳላችሁ። ሰኞ ከሆነ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ገበያው ላይ ነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ የእነዚህን ቦታዎች ስም ይዘዋል። ትዝታንም «ወሎ» ብለው የሚጠሩት አሉ። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። ስለዚህ ቅኝት እዚህ አገር ጉዳዩ የመድረክ ብቻ አይደለም፤ የቤት ጉዳይ ነው።

ክራሬን ላንሣ። ይሄኛው ባለ 6 ክር ነው። አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ። ስድስተኛው አንዱን ድምፅ በኦክቴቭ፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ በእጥፍ ንዝረት፣ ይደግመዋል። ስንቃኝ መጀመሪያ እነዚህን ተደጋጋሚ ክሮች እናስማማለን። አንድ ላይ ልምታቸው፤ እስኪ ስሙ። ዋ-ዋ-ዋ የሚል መርገብገብ ይሰማችኋል? ክሮቹ ሊገናኙ ነው፤ ግን ገና ናቸው። ቀንበሩ ላይ ያለውን መቃኛ በጣም በትንሹ አዞራለሁ። መርገብገቡ ዘገየ። ዋ… ዋ… አሁን ቆመ። ክሮቹ አንድ ሆኑ።

በጆሮው የሚቃኝ ሰው ሁሉ፣ የፒያኖ ቃኚም ይሁን የበገና መምህር፣ የሚያዳምጠው ይህንን መርገብገብ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ ክር በሴኮንድ 220 ጊዜ ቢነዝርና ሌላው 222 ጊዜ ቢነዝር፣ በሴኮንድ 2 ጊዜ ይርገበገባሉ። ልዩነቱ ሲጠፋ መርገብገቡም ይጠፋል። ለዚህ ባትሪ አያስፈልግም።

ቀጥዬ ዶንና ሶልን አስማማለሁ። ዶ 2 ጊዜ በሚነዝርበት ጊዜ ሶል 3 ጊዜ መንዘር አለበት። እንዲያ ሲሆን ድምፁ ጠጥሮ ይቆማል። ይኸው። አሁን ያ ወንድማችን ኪቦርዱ ላይ መካከለኛውን ዶና ሶል ይያዝልኝ። ያዝ፣ አትልቀቅ። ጥሩ ነው አይደል? ግን ደህና አድርጋችሁ ካዳመጣችሁ በሴኮንድ አንዴ ያህል ቀስ ብሎ ይርገበገባል። አሁን ሶልን ተውና ዶንና ሚን ያዝ። ይሄኛው በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ብዙ ስለለመድነው «ድምቀት» እንለዋለን እንጂ ክሮቹ አልተገናኙም። በክራሬ ዶና ሚን ንጹሕ አድርጌ ልምታው። ሰማችሁት? ሚዋ ትንሽ ወረደች፤ ነገሩ ሁሉ ጸጥ አለ።

ልዩነቱን በቁጥር ላስቀምጠው። የሙዚቃ ተመራማሪዎች ኦክቴቭን 1200 ሴንት ብለው ይከፍሉታል። ኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ 100 ሴንት ነው። ይህን መለኪያ ያመጣው እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የተለያዩ ሕዝቦችን መሣሪያዎች እየለካ፣ ተፈጥሮ ያዘዘችው አንድ ሚዛን እንደሌለና ሚዛኖች ብዙና ልዩ ልዩ እንደሆኑ ጻፈ። በእሱ መለኪያ ንጹሑ ሶል ከዶ 702 ሴንት ይርቃል፤ የኪቦርዱ 700 ነው። ሁለት ሴንት ማንም አይቀየምበትም። ንጹሑ ሚ ግን 386 ነው፤ የኪቦርዱ 400። 14 ሴንት በጆሮ የሚሰማ ነገር ነው።

«ታዲያ ኪቦርዱን የሠሩት ሰዎች ይህን አጥተውት ነው?» የሚል ይኖራል። አላጡትም። ችግራቸው ሌላ ነበር።

ከዶ ተነሡና በንጹሕ የዶ-ሶል ርቀት እየዘለላችሁ ሂዱ። ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ እያላችሁ 12 ጊዜ ስትዘሉ ተመልሳችሁ ዶ ላይ መድረስ ነበረባችሁ። አትደርሱም። በ23 ሴንት ተኩል ያህል ታልፉታላችሁ። የማንም ጥፋት አይደለም። 3ን በ3 ስታባዙ ብትውሉ የ2 ብዜት አይወጣም፤ ሒሳቡ ራሱ አይዘጋም። ይህ ትርፍ ከፒታጎራስ ስም ጋር ተያይዞ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ ያለው የአውሮጳ የቅኝት ታሪክ በአብዛኛው «ይህን ትርፍ የት እንደብቀው?» የሚል ታሪክ ነው።

አንዱ መንገድ ሚን ማጣፈጥ ነበር። በ1523 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ፒየትሮ አሮን የገለጸው አቃኛኘት የዶ-ሶልን ርቀት በየቦታው በ5 ሴንት ያህል ያሳጥርና ሚን ንጹሕ ያደርጋታል። በሚዘወተሩት ቁልፎች፣ ማለትም ዘፈኑ በሚነሣባቸው የተለመዱ ዶዎች፣ ስትጫወቱ በጣም ያምራል። ትርፉ ግን ተጠራቅሞ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ እዚያ ስትደርሱ ኦርጋኑ ያላዝናል። ሙዚቀኛው ያን ቦታ እየሸሸ ይኖራል።

ሌላው መንገድ ትርፉን ለሁሉም እኩል ማከፋፈል ነው። ቻይናዊው ልዑል ዡ ዛይዩ በ1584 እ.ኤ.አ. ስሌቱን በትክክል ሠርቶ አሳየ። አውሮጳ ውስጥ ደግሞ ጊታር የሚመስለው የድሮው የክር መሣሪያ፣ የሊውት፣ ተጫዋቾች ቀድመውት ነበር ማለት ይቻላል። ጣታቸውን የሚያሳርፉበት መስመር በሁሉም ክር ላይ አንድ ስለሆነ እኩል መክፈል ይመቻቸዋል። ቪንቼንሶ ጋሊሌይ፣ የታዋቂው ሳይንቲስት የጋሊሌዮ አባት፣ በ1581 እ.ኤ.አ. መስመሮቹን በ18 ለ17 ምጣኔ አድርጓቸው ብሎ ነበር። ያ ምጣኔ 99 ሴንት ይመጣል፤ ከ100 ጋር ጎረቤት ነው። ይህ እኩል ክፍፍል ቆይቶ በፒያኖ ፋብሪካዎች በኩል ዓለምን አዳረሰ። በእኩል ክፍፍል ሁሉም ቁልፍ ትንሽ ትንሽ የተበላሸ ነው፤ ምንም ቁልፍ ግን ጨርሶ አልተበላሸም። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ቁልፍ ለሚቀይር ሙዚቃ ብልህ ድርድር ነው። እኔ አልጠላውም።

አሁን ወደ ክራሩ ተመለሱ። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ሬ፣ ከሬ ወደ ላ፣ ከላ ወደ ሚ። አራት ዝላይ። በቃ። ክራር ዙሩን መዝጋት አይጠበቅበትም! አሥራ ሁለት ጊዜ አይዘልም፤ በዘፈን መሐል ቁልፍ አይቀይርም። ያ የ23 ሴንት ተኩል ዕዳ የሱ አይደለም። የማንን ዕዳ ነው እያስከፈልነው ያለነው? ይህን ነው ልላችሁ የመጣሁት።

ክራር ላይ ምንም ድርድር የለም አላልኩም። አለ። ሚን በአራቱ ዝላይ ካገኛችኋት 408 ላይ ትቀመጣለች፤ ብሩህና ሾጠጥ ያለች ናት። ከዶ ጋር አስማምታችሁ ካገኛችኋት 386 ላይ ናት፤ ለስላሳ ናት። በሁለቱ መሐል 22 ሴንት አለ። ላም እንደዚያው ናት፤ ወይ 906 ወይ 884። ላን ከዶ ጋር ካጣፈጣችኋት ከሬ ጋር ትጣላለች። ዘፈኑ ሬንና ላን የሚያመላልስ ከሆነ ከፍ አድርጓት፤ ዶ ላይ እያረፈ የሚሄድ ከሆነ ዝቅ አድርጓት። ደህና የክራር ሰው ይህን ሳይቆጥር ያደርገዋል። ዘፋኟ ስትገባ እጁ መቃኛው ላይ ነው። የስልኩ መቃኛ ግን 400 ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከሁለቱም ያልሆነ ቦታ ላይ አረንጓዴ ያበራል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይምታታባችሁ። አንደኛው የትኛው ክር የትኛውን ድምፅ ይያዝ የሚለው ነው። ሁለተኛው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስንት ይሁን የሚለው ነው። ጊታር ላይ ሁለቱ ይለያያሉ። የተለመደው የጊታር አቃኛኘት ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው። ብዙ ሰው ግን ይቀይረዋል። ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ አድርጎ የሚጫወት አለ። የሃዋይ ሰዎች ክሮቹን አላልተው ባዶ ሲመቱት ኮርድ፣ አብረው የሚስማሙ ድምፆች፣ እንዲሰጥ ያደርጋሉ። ቫዮሊንም ቢሆን ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ብቻ አይደለም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቢበር የተባለው ሙዚቀኛ ለአንድ ተከታታይ ሥራው ክሮቹን በየክፍሉ ሌላ ሌላ ቦታ ላይ አስቃኝቷቸዋል። ይሄ ሁሉ አንደኛው ነገር ነው። ጊታር ላይ ክሩን የፈለጋችሁትን ያህል ቀይሩት፣ የጣት መስመሮቹ በእኩል ክፍፍል ተቸንክረዋል። ክራር ላይ መስመር የለም። ሁለቱም ነገር አንድ መቃኛ ላይ ነው ያለው። ለዚህ ነው ክራር መቃኘት ጊታር ከመቃኘት የበለጠ ጆሮ የሚጠይቀው።

አንድ የሚያምር ነገር ላሳያችሁ። ክራሬን ትዝታ ማይነር ላይ ላድርገው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ፍላት ማለት ኪቦርዱ ላይ በአንድ ቁልፍ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ትዝታ ነው፤ ታውቁታላችሁ። አሁን መቃኛውን አልነካም። ቤቴን፣ የማርፍበትን ድምፅ፣ ብቻ ከዶ ወደ ሶል አዛውራለሁ፤ ሶል ላይ እጀምራለሁ፣ ሶል ላይ አርፋለሁ። ምን ሆነ? አምባሰል! አምስቱም ድምፆች ያው ናቸው። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነርም እንዲሁ ናቸው፤ ከላ ተነሥታችሁ ላ ላይ ስታርፉ ባቲ ማይነር ይመጣል። ዝምድናቸው እዚህ ድረስ ነው። ታዲያ ቤቱ ሲዛወር ጆሮም ይዛወራል። ለዶ የተመቻት ሚ ፍላት ለሶል ላትመች ትችላለች። ስለዚህ አምባሰል ሊጫወት ያሰበ ሰው በትዝታ ማይነር የተቃኘ ክራር ቢሰጡትም አንዷን ክር ቆንጠጥ ያደርጋታል። ኪቦርዱ ይህን አያውቅም፤ ለሁለቱም ያንኑ ይሰጣል።

ሌሎች መሣሪያዎቻችንን በዚህ ዓይን እንያቸው። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው ያለው። የጣት መስመር የለውም፤ ጣት ክሩን ከጎን ነው የሚነካው። ስለዚህ የማሲንቆ ቅኝት ያለው ጣት ላይና ጆሮ ላይ ነው። አዝማሪው ክሩን በራሱ ጉሮሮ ልክ ያስቀምጠዋል፤ ዛሬ ድምፁ ከከበደ ዝቅ ያደርገዋል። ላ በሴኮንድ 440 ይሁን የተባለው በ1939 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው። ፈረንሳይ ከዚያ በፊት፣ በ1859 እ.ኤ.አ.፣ 435 ብላ ደንግጋ ነበር። ሰው የተስማማበት ቁጥር ነው፤ መልካም ስምምነት ነው፤ የአዝማሪው ጉሮሮ ግን እዚያ ስብሰባ ላይ አልተወከለም።

ዋሽንት ተቃራኒው ነው። ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ ተበሳ። ተጫዋቹ በትንፋሽና ጣቱን ከፈት በማድረግ ትንሽ ያዛባዋል እንጂ ዋናው ነገር ተወስኗል። ለዚህ ነው ዋሽንተኛ ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው።

በገናን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። 10 አውታር አለው፤ ሁሉም ግን አይመታም። አንዳንዶቹ ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ ጥልቅ ንዝረት የሚመጣው ከእሷ ነው። ቆዳዋን ብታንሸራትቱ ድምፁ ይሞታል ወይ ይነሣል። በገና መምህሩ አውታሩን ከመቃኘቱ እኩል ቆዳዋን ይቃኛል። የስልክ መቃኛ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። ንዝረቱ በላይኛዎቹ ድምፆች የተሞላ ስለሆነ መርፌው ወዲያ ወዲህ ይላል።

መንዙማን አስቡት። ድቤ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ የሰው ድምፅ አለ። ድምፁን «እዚህ ቁም» የሚለው መሣሪያ የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማም ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ነው። ሁለቱም ላይ ሰው ከሰው ጋር ነው የሚስማማው። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲያዜም በራሱ ጊዜ ወደማይርገበገበው ቦታ ይሳባል። ወሎ ውስጥ በሁለቱም በኩል ንጹሕ ጆሮ የቆየው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

መርገብገብ ሁልጊዜ ጥፋት ነው እንዳትሉኝ ደግሞ። ኢንዶኔዥያ፣ ባሊ ደሴት ላይ ጋሜላን የሚባል የነሐስ መሣሪያዎች ስብስብ አለ። መሣሪያዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንጥረኛው አንዱን ሆን ብሎ ከጓደኛው ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ አብረው ሲመቱ ድምፁ ያብለጨልጫል። የአንዱ መንደር ስብስብ ቅኝትም ከሌላው መንደር ጋር አንድ አይደለም። የአንዱን መሣሪያ ወስዳችሁ ሌላው ውስጥ መክተት አትችሉም። ማንም «ተሳስታችኋል፣ 440 ላይ ኑ» አላላቸውም።

እኛ ዘንድ እኩል ክፍፍል የመጣው በነሐስ ባንድ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጡ፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ትልቅ በረከት ነው፤ የዘመናዊ ሙዚቃችን መነሻ ነው። ነፋስ መሣሪያ ደግሞ ከንፈር ይሰማል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲያወርደው የሰማ ሰው ሳክስፎኑ የሀገሩን ጉሮሮ እንዳገኘ ያውቃል። ችግሩ የመጣው አኮርዲዮንና ኦርጋን ሲገቡ ነው። እነሱ ከንፈርም ጣትም አይሰሙም። መድረክ ላይ የማይንቀሳቀሰው እነሱ ከሆኑ የሚንቀሳቀሰው ክራር ነው። ከዚያ አንድ ኪቦርድ ሙሉ ባንድ ተካ። ዛሬ ሠርግ ቤት የሚያድገው ልጅ ጆሮ ከኪቦርዱ ነው የሚቃኘው።

ይህ በጣም የሚጎዳው አንቺሆዬን ነው። ላስረዳ። አንቺሆዬን በኪቦርድ ቋንቋ ስንጽፈው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል። ተመልከቱት። ሶል የለም! ዶ የምትደገፍበት ግድግዳ የለም። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም ዶና ሶል አላቸው፤ ጆሮ እዚያ ላይ ይቆማል። አንቺሆዬ ውስጥ የሚደጋገፉት ፋና ዶ ናቸው፤ ሶል ፍላትና ሬ ፍላት ደግሞ ሌላ ጥንድ ናቸው። ላ ብቻዋን ናት። ያን ቅኝት ሆድ የሚያባባው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ጥንዶቹ መሐል፣ ከዶ እስከ ሬ ፍላትና ከፋ እስከ ሶል ፍላት፣ ያለው ርቀት ስንት ይሁን? ኪቦርዱ 100 ይላል። ንጹሕ ስሌት ግን አንድ መልስ አይሰጥም። 112 ሊሆን ይችላል፤ 90ም ሊሆን ይችላል። እኔ የሰማኋቸው የማሲንቆ ሰዎች ዜማው ወደ ዶ ሲወርድ ያጠቡታል፤ ሲወጡ ያሰፉታል። ላንስ? ከፋና ከዶ ጋር ካስማማችኋት 884 ላይ ናት፤ ከኪቦርዱ በ16 ሴንት ዝቅ ትላለች። ያኔ ከሶል ፍላት ጋር በጣም ትቀራረባለች። ለሁሉም ጎረቤቶቿ ንጹሕ መሆን አትችልም። ተጫዋቹ ይመርጣል። ምርጫው ነው አንቺሆዬን አንቺሆዬ የሚያደርገው። ኪቦርዱ ላይ ምርጫው ቀድሞ ተዘግቷል። ለዚህ ነው በኪቦርድ የታጀበ አንቺሆዬ ስትሰሙ አንዳች ነገር የጎደለ የሚመስላችሁ። አልተሳሳታችሁም፣ ጎድሏል።

አብሽሩ፣ መላ አለው። ብዙዎቹ የያማሃና የኮርግ አሬንጀር ኪቦርዶች፣ አጃቢውን ራሳቸው የሚጫወቱት፣ «ስኬል ቱን» ወይም «ስኬል» የሚባል ማስተካከያ አላቸው። በእሱ 12ቱን ቁልፎች እያንዳንዳቸውን በሴንት ከፍና ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ይህ ነገር በአብዛኛው ለዓረብና ለቱርክ ሙዚቀኞች ሲባል የገባ ነው። እነሱ በሁለት ቁልፎች መሐል የሚወድቁ ድምፆች አሏቸው። «ኪቦርዱ የእኛን መቃም አይጫወትም» አሉ (መቃም የእነሱ ቅኝት ነው)፤ ፋብሪካው ሰማ። እኛም ያው ማስተካከያ እጃችን ላይ ነው፤ የማንከፍተው ብቻ ነው።

ለስላሳ ትዝታ ሜጀር ከፈለጋችሁ ዶን ዜሮ ላይ ተዉት። ሬን 4 ከፍ፣ ሚን 14 ዝቅ፣ ሶልን 2 ከፍ፣ ላን 16 ዝቅ አድርጉ። ብሩሁን ከፈለጋችሁ ሬና ሶል እዚያው ሆነው ሚን 8 ከፍ፣ ላን 6 ከፍ። ለአንቺሆዬ ፋን 2 ዝቅ፣ ላን 16 ዝቅ አድርጉ። ሬ ፍላትንና ሶል ፍላትን አብራችሁ አንቀሳቅሷቸው፤ ሰፊውን ከፈለጋችሁ 12 እና 10 ከፍ፣ ጠባቡን ከፈለጋችሁ 10 እና 12 ዝቅ። እነዚህ መነሻዎች ናቸው። ከዚያ የክራሩን ሰው ጠርታችሁ «ይሄ ይመችሃል?» በሉት። እሱ «ትንሽ ዝቅ» ካለ ዝቅ አድርጉ። ቁጥሩን ጻፉትና አስቀምጡት። ዘፈኑ ሌላ ዶ ላይ ከሆነ ቁጥሮቹም አብረው ይዛወራሉ፤ ይህን እንዳትረሱ።

አንድ ልመና አለኝ። ገጠር ወርዳችሁ አዛውንት ተጫዋች በስልክ ስትቀዱ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ባዶ ክሮቹን አንድ በአንድ እንዲመቱላችሁ ጠይቋቸው። እያንዳንዱ እስኪጠፋ ጠብቁ። የቅኝቱን ስም እሳቸው በሚጠሩት ስም ይናገሩ። የሰፈሩን ስም ጨምሩ። ይህ ካለ ቅኝታቸው በትክክል ይለካል። ዘፈኑ ብቻ ከተቀዳ ግን ክሩ ከጣት፣ ከድምፅና ከጭብጨባ ጋር ተቀላቅሎ ለመለየት ይቸግራል።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(አንዲት ወጣት «ኪቦርዱን ብናስተካክል ቤዝ ጊታሩስ አይጣላም ወይ?» ብላ ጠየቀች።)

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። የቤዝ ጊታሩ መስመሮች እኩል ክፍፍል ናቸው፤ አይንቀሳቀሱም። ግን ቤዝ በአብዛኛው የሚጫወተው ምንድን ነው? ዶና ሶል ነው። እዚያ ላይ ልዩነቱ 2 ሴንት ብቻ ነው፤ ማንም አይሰማውም። ጠቡ ያለው ሚና ላ ላይ ነው። ስለዚህ ቤዙ ሚና ላ ላይ ረጅም አይቁም። ዶና ሶልን ይያዝ፣ የቀረውን ለክራሩ ይተው። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ዶና ፋ ላይ ይቁም።

(አንድ አባት ዋሽንታቸውን ከፍ አድርገው «ይሄስ? ለማንም አይታዘዝም» አሉ።)

እውነትዎን ነው አባቴ። እርስዎ ካሉበት ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። መጀመሪያ የሚታየው የማይንቀሳቀሰው ነው፤ እሱም ዋሽንቱ ነው። እርስዎ ዶዎን ይሰጡናል። ኪቦርዱ ያን ዶ በአጠቃላይ ማስተካከያው ይይዛል፤ ከ440 ወደ 436 መውረድ ካለበት ይወርዳል። ቀጥለው ሌሎቹን ድምፆችዎን አንድ በአንድ ይሰጡናል፤ ልጁ በስኬል ቱን ይከተልዎታል። ክራሩ ከእርስዎ ይቃኛል። ማሲንቆው ጣት ስለሆነ ራሱ ይመጣል። ዘፋኟ መጨረሻ ትገባለች፤ ድምፁ ካልተመቻት ዋሽንቱን ይለውጡላታል እንጂ ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ፣ ሁሉንም ድምፅ እኩል ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ቁልፍ፣ ብቻ ተጭኖ አይታለፍም። ብዙ ዋሽንት ይዘው እንደመጡ አያለሁ። እስኪ ወደ መድረኩ ይምጡልን። አንተም ኪቦርድህን ይዘህ ና፣ ስኬል ቱኑን ክፈተው። መጀመሪያ ዶ።